የባሰባቸውን ማን ቆጠራቸው?

ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና የሚደረገው ምርምር ለብዙ አሥርት ዓመታት በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሲመላለስ ኖሯል። ሰው ችግሩን ይዞ ባለሙያ ፊት መቀመጡና መነጋገሩ ይጠቅመዋል ወይ? ስኮት ሊሊየንፌልድ በ2007 «ፐርስፔክቲቭስ ኦን ሳይኮሎጂካል ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባሳተመው ጽሑፍ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አነሣ። ማንን ይጎዳል? ርዕሱ «ጉዳት የሚያስከትሉ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች» ነው፤ ርዝመቱ ሃያ ገጽ አይሞላም። (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው በአትላንታ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በ2020 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ማስረጃ የሌላቸውን የሙያው ልማዶች ሲሞግት ኖሯል።

ጽሑፉን ዛሬ መልሼ የማነሣው ሁለት ነገር ስላየሁበት ነው። የሥነ ልቦና ሕክምናን ደኅንነት በሚመለከት ጥያቄውን እንዲህ አጥርቶ ያስቀመጠ ሌላ ሥራ አላነበብኩም። መልስ ብሎ ያቀረበው ዝርዝር ግን አንባቢውን አሳስቷል። ጉዳት የሚገኘው ስማቸው በከፋ ጥቂት ሕክምናዎች ውስጥ እንደሆነ፣ ከእነዚያ የራቀ ሰው ደግሞ ከአደጋ እንደራቀ አስመስሏል።

ጥያቄው ይህን ያህል ለምን እንደዘገየ ለመረዳት ወደ 1952 መመለስ ይገባል። ያን ጊዜ ለንደን ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ምሁር ሃንስ አይዘንክ ጥቂት ገጾች ባሏት ጽሑፍ ሙያውን አስደነገጠ። እዚህም እዚያም የታተሙ ሪፖርቶችን ሰብስቦ ሲያሰላ፣ በሳይኮአናሊሲስ ከታከሙት የተሻላቸው 44 ከመቶ፣ ዘዴዎችን እያቀላቀሉ በሚሠሩ ባለሙያዎች ከታከሙት 64 ከመቶ፣ በአጠቃላይ ሐኪም ወይም በሆስፒታል እንክብካቤ ብቻ ከቆዩት ደግሞ 72 ከመቶ ሆነው አገኛቸው። ስሌቱ ብዙ ቀዳዳ ነበረው። ታካሚዎቹ ወደየቡድኑ የገቡት በዕጣ አልነበረም። አንዱ ሪፖርት «ተሻለው» የሚለውን ሰው ሌላው ገና ነው ሊለው ይችላል። ሳይኮአናሊሲሱን ጀምረው ያቋረጡትንም አይዘንክ ካልተሻላቸው ጋር ደምሯቸዋል፤ እነሱ ከሂሳቡ ቢወጡ የ44ቱ ቁጥር ወደ 66 ከፍ ይል ነበር። ያም ሆኖ ጽሑፉ ሙያውን ለሃያ አምስት ዓመት ራሱን የሚከላከል አደረገው።

ጠንካራው መልስ የመጣው ጂን ግላስ ከተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር ነው። ግላስ ራሱ ታክሞ የተጠቀመ ሰው ስለነበር የአይዘንክ ፍርድ አልተዋጠለትም። በ1977 ከሜሪ ሊ ስሚዝ ጋር ሆኖ 375 ጥናቶችን በአንድ ላይ አሰላ። የተበታተኑ ጥናቶችን ውጤት ወደ አንድ መለኪያ አምጥቶ የሚደምረውን ዘዴ፣ ዛሬ በሕክምናው ዓለም ሁሉ የሚሠራበትን ሜታ አናሊሲስ፣ ስሙን ያወጣለት እሱ ነው። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ታክሞ የጨረሰ መካከለኛ ሰው ካልታከሙት ሰዎች 75 ከመቶዎቹ ይበልጥ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ሙያው እፎይ አለ።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ቁጥር ነበር። ከ833ቱ የውጤት መለኪያዎች 12 ከመቶ የሚሆኑት አሉታዊ ነበሩ፤ በእነዚያ የታከመው ቡድን ካልታከመው ብሶ ተገኝቷል። ከፊሉ ከናሙና ማነስ የሚመጣ የዕድል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከፊሉስ? አለን በርጊን የተባለ ተመራማሪ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ይጠይቅ ነበር። የታከሙት ሰዎች ውጤት ካልታከሙት ይልቅ ወደ ሁለቱም ጫፍ ተበትኖ እንደሚታይ አስተውሏል፤ አንዳንዱ በጣም ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብስበታል። አሥር ሰዎች ታክመው ሰባቱ በጣም ቢሻላቸው፣ ሦስቱ ቢብስባቸው፣ አማካዩ «ሕክምናው ጠቅሟል» ይላል። ይህ ትክክል ነው። ሦስቱ ሰዎች ግን ከሪፖርቱ ውስጥ ጠፍተዋል።

ሊሊየንፌልድ የሚነሣው ከዚህ ነው። አዲስ መድኃኒት ገበያ ከመግባቱ በፊት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚመረምረው ደኅንነቱን ነው፤ ፈዋሽነቱ ቀጥሎ ይመጣል። ለሥነ ልቦና ሕክምና እንዲህ ያለ በር የለም። አንድ ሰው አዲስ ዘዴ ፈጥሮ፣ ስም ሰጥቶ፣ በሁለት ቀን ሥልጠና ለሌሎች አስተምሮ ሊያሰራጨው ይችላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ክሊኒካዊ ክፍል «በጥናት የተደገፉ» ያላቸውን ሕክምናዎች መዘርዘር ሲጀምር ሙያው ሁሉ ስለዚያ ዝርዝር ተከራከረ። ሊሊየንፌልድ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ይላል። ይበልጥ የሚሠራውን ከመምረጥ በፊት የሚጎዳውን መለየት ይቀድማል።

ለዚህም ሦስት መስፈርት አወጣ። ሕክምናው በታካሚው ወይም በቤተሰቡ ላይ ጉዳት ማድረሱ መታየት አለበት፤ ጉዳቱ የሚቆይ መሆን አለበት፤ እርስ በርስ የማይገናኙ ተመራማሪዎችም ደጋግመው ሊያገኙት ይገባል። ሁለተኛው መስፈርት ትልቅ ጥንቃቄ ያለበት ነው። የተደፈረች ሴት የደረሰባትን ቀስ በቀስ እንድታወራ በሚያደርግ ሕክምና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ለቅሶ ይበዛል። ያ ጉዳት አይደለም፤ የመዳን መንገድ ሊሆን ይችላል። ሊሊየንፌልድ ይህን ከዘለቄታዊ መባስ በመለየቱ ጽሑፉ ተራ ክስ ከመሆን ድኗል።

ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል። በሁለት እርከን የተከፈለ ነው፤ አንዳንዶችን ሳይጎዱ የማይቀሩ፣ እና ሊጎዱ ይችላሉ ተብለው የሚጠረጠሩ። ከሁሉ ይበልጥ ሊነበብ የሚገባው ዲብሪፊንግ የተባለው ነው፤ ምክንያቱም የፈጠሩት ሰዎች ደግ ሐሳብ ነበራቸው፣ ዘዴውም ለማንኛውም አስተዋይ ሰው ትክክል ይመስላል።

የሐሳቡ ባለቤት ጄፍሪ ሚቼል የሜሪላንድ ሰው፣ ቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የነበረ ነው። በ1983 ያቀረበው ዘዴ ከባድ አደጋ ያዩ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰብስበው፣ ባዩትና በተሰማቸው ነገር ላይ ለጥቂት ሰዓታት እንዲነጋገሩ፣ ወደፊት ምን ዓይነት ምልክት ሊገጥማቸው እንደሚችልም እንዲነገራቸው ያደርጋል። ሰው የታመቀውን ቢያወጣ ይቀለዋል የሚል እምነት ነው ከሥሩ ያለው። ከእሳት አደጋና ከፖሊስ ጣቢያዎች ተነሥቶ ወደ ባንኮች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ጦር ኃይሎችና የእርዳታ ድርጅቶች ተዛመተ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ግዴታ አደረጉት።

ጆናታን ቢሰንና ባልደረቦቹ በዌልስ በቃጠሎ የተጎዱ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ውጤቱን በ1997 አሳተሙ። ከ13 ወር በኋላ ከአደጋ በኋላ የሚከሰተው የጭንቀት ሕመም (በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ፒቲኤስዲ) ዲብሪፊንግ ከተሰጣቸው 26 ከመቶው ላይ፣ ካልተሰጣቸው 9 ከመቶው ላይ ተገኘ። ይህ ቁጥር ከዚያ በኋላ በየጽሑፉ እንደ መዶሻ ሲወረወር ኖሯል። እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዕጣው ቢጣልም ዲብሪፊንግ የደረሳቸው ሰዎች ገና ከመጀመሪያው ጉዳታቸው ከበድ ያለ ነበር፤ ቢሰን ራሱ ይህን ጽፏል። ስለዚህ በ26 እና በ9 መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የንግግሩ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ሪቻርድ ማዩ፣ አንከ ኤለርስና ባልደረባቸው በኦክስፎርድ ሠርተው በ2000 ያሳተሙት ነው። የመኪና አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች ለሦስት ዓመት ተከታተሉ። መጀመሪያ ላይ በጣም ተረብሸው ከነበሩት መካከል ዲብሪፊንግ ያልተሰጣቸው በጊዜ ሂደት አገገሙ፤ የተሰጣቸው ግን ከሦስት ዓመት በኋላም እንደተረበሹ ነበሩ። ማለትም ዘዴው በተለይ ያሰናከለው ይበልጥ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ነው።

ለምን? የሚሰጡት ማብራሪያዎች ብዙ ናቸው። የሰው አእምሮ ከአስደንጋጭ ነገር በራሱ ፍጥነት ይርቃል፣ ይቀርባል፣ መልሶ ይርቃል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሁሉንም ከፍቶ ያለ ክትትል መተው ይህን ፍጥነት ሊያናጋ ይችላል። «እንቅልፍ ሊጠፋችሁ ይችላል፣ ትዕይንቱ ሊመላለስባችሁ ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያም ሰውን ምልክት ጠባቂ ሊያደርገው ይችላል። ዲብሪፊንግ ለረጅም ጊዜ ከሚሰጠውና በትራውማ ላይ ከሚያተኩረው ሕክምና የሚለየውም በዚህ ነው። ያኛው ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ፣ ታካሚው መቆጣጠር በሚችለው መጠን ይሄዳል፤ በጥናትም የተደገፈ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ ለአደጋ ተጎጂዎች ዲብሪፊንግን አይመክርም። የሚመክረው የመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ልቦና እርዳታን ነው፤ ውኃ፣ መጠለያ፣ ቤተሰብን ማገናኘት፣ ማውራት የሚፈልገውን መስማት፣ የማይፈልገውን አለማስገደድ። በአገራችን ከጦርነትና ከመፈናቀል በኋላ ተጎጂዎችን ለመርዳት ለሚነሣ ሁሉ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ብቻ ይነበብ ቢባል ይህን እመርጣለሁ።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሳ። በኒው ጀርሲ ራህዌይ እስር ቤት የዕድሜ ልክ እስረኞች ወጣቶችን እየጮሁ የሚያስፈራሩበት ፕሮግራም ነበር። በ1978 የተሠራለት ዘጋቢ ፊልም የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ ጄምስ ፊንከናወር ግን ተከታትሎ በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከተሳተፉት 41 ከመቶው፣ ካልተሳተፉት 11 ከመቶው አዲስ ጥፋት መፈጸማቸውን አሳየ። መናገር የማይችሉ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች እጅ ይዞ በፊደል ሰሌዳ ላይ «እንዲጽፉ» የሚያደርገው ዘዴም በዝርዝሩ ላይ አለ። ለልጁና ለረዳቱ የተለያየ ሥዕል ሲታያቸው የተጻፈው ረዳቱ ያየው ሆነ። በዚህ መንገድ «በተጻፈ» ክስ ወላጆች በልጆቻቸው ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽማችኋል ተብለው ፍርድ ቤት ቀርበዋል። የተረሳ ትዝታን እናስታውስሃለን የሚሉት ዘዴዎችም ተመሳሳይ ጥፋት አድርሰዋል። ኤሊዛቤት ሎፍተስ በ1995 ከ24 ሰዎች ስድስቱ በልጅነታቸው ገበያ አዳራሽ ውስጥ ጠፍተው እንደነበር፣ ያልሆነውን ነገር፣ «እንዲያስታውሱ» ማድረግ እንደሚቻል አሳይታለች።

በኮሎራዶ በ2000 የሆነው ደግሞ ከቁጥር ውጭ ነው። አንዲት የ10 ዓመት የጉዲፈቻ ልጅ ከአሳዳጊ እናቷ «እንደገና እንድትወለድ» ተብሎ በአንሶላ ተጠቅልላ፣ ትራስ ተደርጎባት፣ ትልልቅ ሰዎች እየተጫኗት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየች። መተንፈስ አቃተኝ ብላ ለምናለች። እንቢተኝነት ነው ብለው አልሰሟትም። ታፍና ሞተች። ሁለት ቴራፒስቶች የ16 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ግዛቲቱም በቀጣዩ ዓመት ድርጊቱን በሕግ ከለከለች። የልጅቷ ልመና እንደ በሽታዋ ምልክት መቆጠሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በጣም ቀላል በሆነ መልኩ ይህ ዛሬም በየክሊኒኩ ይታያል፤ ታካሚው «ይህ ነገር እየጎዳኝ ነው» ሲል «ሕክምናውን እየተቃወምክ ነው» ይባላል።

እስከዚህ ሊሊየንፌልድን ይዤ ነው የመጣሁት። ከዚህ በኋላ እለየዋለሁ።

በዝርዝሩ ላይ፣ ወዳጅ ዘመድ ሞቶባቸው በተለመደው መንገድ ለሚያዝኑ ሰዎች የሚሰጥ የሐዘን ምክር ተቀምጧል። ያን ጊዜ በሙያው ውስጥ አንድ ቁጥር ይዘዋወር ነበር። የሐዘን ምክር ከሚያገኙት 38 ከመቶው ባያገኙ ኖሮ ከሚኖራቸው ሁኔታ ይብስባቸዋል የሚል። በየጽሑፉ ሲጠቀስ ሰንብቷል። ዴል ላርሰንና ዊልያም ሆይት በዚያው በ2007 የቁጥሩን ምንጭ ተከትለው ሄዱ። ያገኙት ራሱን ችሎ በሙያ መጽሔት ያልታተመ፣ ከአንድ የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፍ የመጣ ስሌት ነው። ስሌቱን የስታቲስቲክስ ባለሞያዎች እንዲመረምሩት ሲደረግም የተባለውን ነገር ሊለካ የማይችል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የመጣው የጆሴፍ ከሪየርና የባልደረቦቹ ሜታ አናሊሲስ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። በተለመደው መንገድ ለሚያዝን ሰው የሐዘን ምክር የሚጨምረው ጥቂት ነው፣ ያም አይዘልቅም፤ ሐዘኑ ከልክ አልፎ ኑሮውን ለዘጋበት ሰው ግን ይጠቅማል።

«አይጠቅምም» እና «ይጎዳል» የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። በእኛ ዘንድ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሰው እየተፈራረቀ ከሐዘንተኛው ጋር ያድራል፤ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ሐዘኑን በጊዜ ይሸነሽኑታል። ይህን ያገኘ ሐዘንተኛ ባለሙያ ሳያስፈልገው ሊጽናና ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ቤይሩት ሆኖ መርዶ በስልክ የደረሰው፣ የሚቀመጥበት ለቅሶ ቤት የሌለው ሰው ግን ሌላ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው «የሐዘን ምክር ይጎዳል ተብሏል» ብሎ በሩን መዝጋት ሊሊየንፌልድ ራሱ የሚዋጋውን ጥፋት መሥራት ነው፤ በደካማ ማስረጃ ሰውን መጉዳት። ሌሎችን በላላ ማስረጃ የከሰሰ ጸሐፊ የራሱን ክስ በዚያው ሚዛን ሊመዝን ይገባው ነበር።

ይህ ግን የዝርዝሩ አንድ መስመር ነው። ዋናው ቅሬታዬ ዝርዝር በመሆኑ ላይ ነው። ስም የያዘ ዝርዝር ሲወጣ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያደርገው የራሱን ሕክምና መፈለግ ነው፤ ካላገኘው ይረጋጋል። ቴራፒስቱም እንደዚያው። የሚብስባቸው ታካሚዎች ግን ከእነዚህ እንግዳ ዘዴዎች ይልቅ የተከበሩ፣ በጥናት የተደገፉ ሕክምናዎች በሚሰጡባቸው ክፍሎች ውስጥ ይበዛሉ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚታከመው እዚያ ነው። የመስኩ ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቅሱት ግምት ከመቶ ታካሚዎች ከአምስት እስከ አሥሩ ይብስባቸዋል የሚል ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ባይታከሙም ይብስባቸው ነበር፤ ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ ሰው ሕመሙ ቢጸና ጥፋቱ የቴራፒስቱ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው የማነጻጸሪያ ቡድን የሚያስፈልገው። መጀመሪያ ግን መቁጠር ይቀድማል።

ቴራፒስቱ ራሱ አያያቸውም ወይ? ማይክል ላምበርትና ባልደረቦቹ ይህን በ2005 ባሳተሙት ጥናት ጠየቁ። 550 ታካሚዎችን የያዙ ቴራፒስቶች ማን እየባሰበት እንደሚሄድ እንዲገምቱ ተደረገ። የገመቱት ሦስት ሰው ብቻ ነው። የባሰባቸው 40 ነበሩ። ከሦስቱ ግምት የተሳካው አንዱ ብቻ ነው። ቴራፒስቶቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ደግሞም በመቶ ታካሚ ስንቱ እንደሚብስበት ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ተስፋ ይዞ የሚሠራ ሰው የሚያየው ተስፋውን ነው። ለታካሚው ያን ያህል ጥሩ የሚመኝ ባለሙያ፣ መባሱን ለማየት ከራሱ ዓይን ውጭ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል።

ታካሚውስ? ቢጎዳ አይናገርም ወይ? እዚህ ላይ በማሳቹሴትስ በካምብሪጅና ሶመርቪል ከተሞች የተደረገውን ጥናት ማምጣት ግድ ይላል፤ በእኔ እምነት በዚህ መስክ ከእሱ የሚበልጥ ትምህርት የለም። ሪቻርድ ካቦት የተባለ ሐኪም በ1935 የጀመረው ነው። 506 ወንድ ልጆች ሁለት ሁለት እየተደረጉ ተዛመዱ፤ በዕድሜ፣ በኑሮ፣ በጠባይ ከተመሳሰሉት ሁለቱ አንዱ በዕጣ እርዳታ እንዲያገኝ ተደረገ። አማካሪ ቤቱ ድረስ ይመጣል፣ በትምህርቱ ያግዘዋል፣ ወደ ሐኪም ይወስደዋል፣ በክረምት ካምፕ ይልከዋል። ይህ በአማካይ ለአምስት ዓመት ያህል ቆየ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጆአን ማኮርድ ልጆቹን፣ አሁን ጎልማሶቹን፣ አንድ በአንድ ፈልጋ አገኘች። በ1978 ባወጣችው ሪፖርት ከተረዱት ሁለት ሦስተኛው ፕሮግራሙ ጠቅሞናል ብለዋል። በፍቅር ያስታውሱታል። መዝገቡ የሚለው ግን ሌላ ነው። ከተዛመዷቸው ያልተረዱ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ወንጀል ከሠሩት መካከል ደግመው የሠሩት በተረዱት ዘንድ በዝተዋል፤ የመጠጥ ሱሰኛነትና የከባድ አእምሮ ሕመም ምልክት በእነሱ በርክቷል፤ የሞቱትም በለጋ ዕድሜ ሞተዋል። ከዓመታት በኋላ ማኮርድ ከቶማስ ዲሽን ጋር ሆና ስታየው፣ ይበልጥ የተጎዱት ወደ ክረምት ካምፑ ደጋግመው የተላኩት ሆነው ተገኙ። አስቸጋሪ ልጆች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ጥፋትን እርስ በርስ ያጀግኑታል የሚለው ማብራሪያ ከዚህ ነው የመጣው።

ማኮርድ የጠየቀችው ተረጂዎቹን ብቻ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ ይወደስ ነበር። ከሕክምና በኋላ የሚሞላ የእርካታ ቅጽ የሚለካው ምስጋናን ነው። ሰው የሰማውን፣ ያከበረውን፣ ጊዜውን የሰጠውን ያመሰግናል፤ ማመስገኑም ተገቢ ነው። መሻሉን ግን ለብቻው መለካት ያስፈልጋል።

ሊሊየንፌልድ ከጻፈ በኋላ የሆነውን ስመለከት ጥያቄው ተሰሚነት ማግኘቱን አያለሁ፤ ሥራው ግን ገና ነው። በስዊድን ኡልፍ ዮንሶንና ባልደረቦቹ በ2014 በታተመ ሥራቸው 132 የሥነ ልቦና ሕክምና ሙከራዎችን መረመሩ። ጉዳትን በሆነ መንገድ ተከታትያለሁ ያሉት 28 ብቻ ናቸው። ምን ዓይነት ጉዳት እንደደረሰና እንዴት እንደተመዘገበ በትክክል የገለጹት አራት ናቸው። በመድኃኒት ሙከራ ይህ ቢሆን ትልቅ ጥያቄ ያስነሣ ነበር። በ2022 ደግሞ በዩናይትድ ኪንግደም በ84 ትምህርት ቤቶች ከስምንት ሺህ በላይ ልጆች የተሳተፉበት የማይንድፉልነስ (ትኩረትን አሁን ባለው ቅጽበት ላይ የማዋል ልምምድ) ሙከራ ውጤት ወጣ። ትምህርቱ ከተለመደው ትምህርት አልተሻለም፤ ቀድሞውኑ ለአእምሮ ሕመም ቅርብ በነበሩት ልጆች ላይም ጥቂት የመባስ ምልክት ታየ። ማይንድፉልነስ በሊሊየንፌልድ ዝርዝር ላይ የለም። ለአዋቂ የድባቴ ታካሚ የሚጠቅም ነገር ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በክፍል ውስጥ ሲሰጥ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ዝርዝር ይህን ሊነግረን አይችልም።

በማይክ ክሮፎርድ የተመራው የእንግሊዝና ዌልስ የታካሚዎች ጥናት (2016) ይበልጥ ወደ እኛ ይቀርባል። ከ14,587 ምላሽ ሰጪዎች 763ቱ፣ 5.2 ከመቶ መሆናቸው ነው፣ ሕክምናው ዘላቂ መጥፎ ነገር ትቶብኛል ብለዋል። ይህ መልስ ከአናሳ ብሔረሰብ በሆኑ ታካሚዎች ዘንድ ይበዛል። ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚሰጣቸው በቅጡ ባላወቁት ዘንድም እንደዚያው። ለንደን ላይ በአስተርጓሚ የሚታከም የአበሻ ስደተኛ ከሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ያሰበው አንድ ነገር፣ አስተርጓሚው ያደረሰው ሌላ፣ ታካሚው የተረዳው ሦስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም «አልተመቸኝም» ማለትም እንደ ነውር ሆኖ ይሰማዋል። ክሮፎርድ ያገኘው መፍትሔ የሚጠቁም ነው፤ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ምን ሊከብድ እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ መንገር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። የሥነ ልቦና ሕክምና ይጠቅማል። በጥንቃቄ የተሠሩት አዳዲስ ሜታ አናሊሲሶች ጥቅሙ ግላስና ስሚዝ ካሉት ያነሰ መሆኑን ያሳያሉ፤ ተራ በመጠበቅ ላይ ካሉ ሰዎች ጋር ማነጻጸር ውጤቱን ያጋንነዋል፣ ያልተሳኩ ጥናቶችም ሳይታተሙ ይቀራሉ። የተረፈው ጥቅም ግን እውነተኛ ነው። በድባቴ የተያዘ ሰው ይህን ዳሰሳ አንብቦ ቀጠሮውን ቢሰርዝ አዝናለሁ።

የምፈልገው የሊሊየንፌልድ ጥያቄ ከዝርዝሩ ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ክፍል እንዲገባ ነው፤ ለዚህ የሚሆን መሣሪያም በእጃችን አለ። ፒኤችኪው ዘጠኝ የተባለው የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ጥያቄዎቹ ዘጠኝ ናቸው፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃሉ፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ ለመሙላት አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሚለካው ድባቴን ብቻ ነው፤ የፈረሰ ቤተሰብን ወይም በቴራፒስቱ ላይ የተመሠረተ ጥገኝነትን አያሳይም። ላምበርት እንዲህ ያለ መለኪያ በየቀጠሮው ተሞልቶ ለቴራፒስቱ ሲደርሰው የሚብስባቸው ታካሚዎች እንደሚቀንሱ አግኝቷል፤ በኋላ የተሠሩት ጥናቶች ውጤት ያን ያህል ጠንካራ ባይሆንም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን 11 የነበረው ድምር በአራተኛው ቀጠሮ 16 ከሆነ ባለሙያው ወረቀቱን ለታካሚው ማሳየት፣ ምን እየሆነ እንደሆነ መጠየቅ፣ ዘዴውን መቀየር፣ ካልሆነም ወደ ሌላ ባለሙያ ወይም ወደ ሐኪም መላክ አለበት። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ በአማርኛ የሚያክሙ ባለሙያዎች ይህን ለመጀመር የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ታካሚውም በመጀመሪያው ቀጠሮ «እየባሰብኝ ቢሄድ በምን ታውቃለህ? ያን ጊዜስ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።